ሳይበላሹ የሚሞቱ ዕቃዎች፦ ከደሴ እና ከኮምቦልቻ የትኛው ቴክኖሎጂ ቀድሞ ይሰናበታል?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ወሬው ደሴ እስኪደርስ ብዙ ተጣመመ። አንዳንዱ "ኮምፒውተር ሁሉ ሊዘጋ ነው" አለ። ሌላው "እሱ ለውጭዎቹ ነው፣ እኛን አይመለከተንም" አለ። ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ሱቅ ያለው ሰው ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኮምፒውተሬ እንደ ትናንቱ ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ታዲያ ምኑ ነው የሞተው?

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚያገለግለው ደግሞ ለኮምፒውተር ብቻ አይደለም።

"በቅርቡ የሚጠፉ ቴክኖሎጂዎች" የሚል ዝርዝር በየጊዜው ከስልክ ስልክ ይዘዋወራል። ፋክስ፣ ሲዲ፣ የመስመር ስልክ፣ የቤት ቁልፍ፣ የነዳጅ መኪና ይላል። የተጻፈው ለሌላ አገር ሰው ነው። እዚህ ዕቃ የሚሞትበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው። እዛ ከሃያ ዓመት በፊት የተረሳ ነገር እዚህ ደኅና እየሠራ ይገኛል፤ እዛ ገና አዲስ የሚባለው ደግሞ እዚህ ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ዕቃ እንዴት እንደሚሞት ማየት አለብን።

ሁለት ዓይነት ሞት

አንዱን ሞት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕቃው ይሰበራል፣ ይቃጠላል፣ ያረጃል። ይሄ ሞት ጠጋኝ አለው። ደሴ እና ኮምቦልቻ ደግሞ በጠጋኝ አይታሙም። የተቃጠለ ቦርድ የሚበይድ፣ የሞተ ስልክ ከሌላ የሞተ ስልክ አካል አውጥቶ የሚያስነሳ፣ የቴሌቪዥን መብራት የሚቀይር ባለሙያ በየመንገዱ አለ። ዕቃ እዚህ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሞት የሚመጣው ከዕቃው ውጪ ነው። ዕቃው ደኅና ነው፤ የተደገፈበት ነገር ነው የሚነሳው። ኔትወርኩ ይዘጋል። ጣቢያው ማሰራጨት ያቆማል። ፋብሪካው መለዋወጫ መሥራት ይተዋል። መንግሥት ማስገባት ይከለክላል። ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያ "ከዛሬ ጀምሮ አልጠብቀውም" ይላል። እዚህ ጋ የደሴ ፒያሳው ጠጋኝ ምንም ማድረግ አይችልም።

የአጭር ሞገድ ሬዲዮን እንውሰድ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982። በወሎ ገጠር ዜና ማለት ለብዙ ዓመት ማታ ማታ ከዚያች ሬዲዮ የሚወጣው ድምፅ ነበር። ድንጋዩ ከተቀየረላት አሥርና ሃያ ዓመት ታገለግላለች፤ ስትበላሽም ትጠገናለች። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ግን ዋሽንግተን ላይ በተሰጠ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሥርጭቶች በድንገት ቆሙ። ሬዲዮዋ ምንም አልሆነችም። የምትቀበለው ነገር ነው የጠፋው።

ኤፍኤም ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ሬዲዮ አዛወረች፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ኦስሎ ያለ የኤፍኤም ሬዲዮ እና ኮምቦልቻ ያለ የኤፍኤም ሬዲዮ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው ሊሆን ይችላል። አንዱ ዕቃ ማስቀመጫ ገብቷል፣ ሌላው ጠዋት ታክሲ ውስጥ ዜና ያሰማል።

ሰው ስለጠላው ብቻ የሚሞት ዕቃም የለም። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እንኳ 750,000 ያህል ሸጦ ነበር። ገዢ ነበረው። ያቆመው የገበያው መቀነስ ሳያንስ መለዋወጫ የሚያቀርቡለት ስላነሱ ነው።

እንግዲህ "ይሄ ዕቃ ይሞታል ወይ?" ብሎ ከመጠየቅ በፊት "ይሄ ዕቃ በማን እጅ ነው የቆመው?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የጽሕፈት ሱቁ ኮምፒውተር

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ቆመ ሲባል ኮምፒውተሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። የቆመው አፕዴት ነው፤ ይኸውም ኩባንያው በየወሩ የሚልከው የሶፍትዌር እድሳት። ማንኛውም ሶፍትዌር ክፍተት አለው። ክፍተቱ ሲገኝ ኩባንያው መድፈኛ ይልካል። ከአሁን በኋላ ክፍተት ይገኛል፣ መድፈኛው ግን አይላክም። ሌባ የሚያውቀው፣ ባለቤቱ ግን መዝጋት የማይችለው በር ይሆናል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ተመዝግበው የሚያገኙት የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ሰጥቷል። እሱም እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ነው።

"ታዲያ ዊንዶውስ 11 ጫን" ቢባል ሌላ ችግር አለ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያለውን፣ ከኢንቴል ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። የእኛ ሱቆች የሚሠሩት በምን ነው? በብዛት ከውጭ አገልግሎ በመጣ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ፣ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው። ለጽሕፈት ከበቂ በላይ ነው። ራሙ ተጨምሮለት፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ተቀይሮለት ገና ብዙ ዓመት መሥራት የሚችል ማሽን ነው። ግን በይፋ በሩ ተዘግቶበታል።

መስፈርቱን በዘዴ እየዘለሉ ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ አሉ። ይሠራል። ዋስትና ግን የለውም፤ አንድ ቀን አፕዴት እምቢ ሊል ይችላል። ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ስርዓት። እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው እሱን ነው፤ ቢሆንም ደሴ ላለ ጽሕፈት ሱቅ አንድ ትልቅ እንቅፋት አለበት። እንቅፋቱም የአማርኛው ጽሕፈት ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚያሳስበው ይሄ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው፤ "ሀ" በየትኛውም ማሽን "ሀ" ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የጽሕፈት ሱቆቻችን ይጽፉ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ለዊንዶውስ በተሠሩ ፕሮግራሞች ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደላትና በምልክቶች ቁጥር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይነበባል። ፎንቱ ከሌለ የማይገባ ምልክት ብቻ ይታያል። በአሮጌ ኮምፒውተርና በአሮጌ ፍላሽ ላይ ያሉ ውሎች፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንቦች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ እንደዚህ የተጻፉ ናቸው። ፋይሉ አለ። አሮጌው ማሽን ሲጣል ግን ማንበቢያው አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመቀየር በፊት የሚሠራው ሥራ ፋይሉን ማዳን ነው። ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ተከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ ቢቀየር ቢያንስ መልኩን ይዞ ይቀራል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ሲቀይሩ አንዳንድ ፊደል ስለሚስቱ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። ይሄ ሥራ ለጽሕፈት ሱቆቹ ራሱ ገቢ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ችግሩ ብዙ ሰው ፋይሉ አደጋ ላይ መሆኑን አለማወቁ ነው።

ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ የሚጽፍ ማሽን በዊንዶውስ 10 ቢቀጥልስ? ለተወሰነ ጊዜ ያስኬዳል። ግን ሱቅ ውስጥ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይሰካል? ቫይረስ ድሮም በፍላሽ ነው የሚዞረው። ቢያንስ ባንክ እና ኢሜይል የሚከፈትበት ማሽን እና የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን አንድ ባይሆኑ ጥሩ ነው።

በተን ስልክ እና ታች ስልክ

ቀድሞ የሚሞተው የቱ ነው? ብዙ ሰው ባለ ቁልፉን፣ በተን የምንለውን ይጠቅሳል። እኔ ቀድሞ የሚሄደው አሮጌው ርካሽ ታች ስልክ፣ ስክሪኑን በጣት እየነካን የምንጠቀምበት ነው ባይ ነኝ።

የሞባይል ኔትወርክ በትውልድ ይቆጠራል። ቱጂ (2G)፣ ማለትም ሁለተኛው ትውልድ፣ ድምፅና አጭር መልእክት ለማስተላለፍ የተሠራ ነው፤ በዚህ ስርዓት የመጀመሪያው የንግድ ኔትወርክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ነው። ስሪጂ በ2001 ጃፓን ላይ ተጀመረ። ፎርጂ ተከተለ። ሁሉም የሚሄዱት በሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ሞገድ ደግሞ እንደ መሬት የተወሰነ ነው። ፎርጂ በዚያው ሞገድ ላይ ብዙ እጥፍ መረጃ ያስተላልፋል። ስለዚህ ኦፕሬተሮች አሮጌውን ዘግተው ቦታውን ለአዲሱ ይሰጣሉ።

አሁን የሚገርመው ነገር፣ በብዙ አገር መጀመሪያ የተዘጋው የመካከለኛው ነው። የጀርመን ኦፕሬተሮች በ2021 ስሪጂን ዘጉ፣ ቱጂን ግን አቆዩት። አሜሪካም በ2022 ስሪጂን ዘግታ ጨርሳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስሪጂ የተሠራው ለኢንተርኔት ነበር፣ በኢንተርኔት ደግሞ ፎርጂ በለጠው። ቱጂ ላይ ግን አሮጌ ስልኮች ብቻ ሳይሆኑ የክፍያ ማሽኖች፣ ቆጣሪዎች፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች ተንጠልጥለዋል። ብሪታንያ ሁለቱንም እስከ 2033 ዘግታ ለመጨረስ ነው ያቀደችው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ስልኬ ፎርጂ ነው፣ ስለዚህ ቢዘጋም አይነካኝም" ይላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ብዙ የፎርጂ ስልኮች ኢንተርኔቱን በፎርጂ ይጠቀሙና ጥሪ ሲመጣ ወደ ስሪጂ ወይም ቱጂ ይወርዳሉ። በፎርጂ ላይ ድምፅ ለማስተላለፍ ቮልቲ የሚባል አሠራር ያስፈልጋል። ስልኩ ቮልቲ ከሌለው፣ ወይም ኖሮት ከኦፕሬተሩ ጋር ካልተስማማ፣ አሮጌው ኔትወርክ በተዘጋ ቀን መደወል አይችልም። አውስትራሊያ በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ስሪጂን ስትዘጋ በትክክል ይሄ ነው የገጠማት፤ በፎርጂ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር መደወል የማይችሉ ስልኮች ፎርጂ ቢሆኑም ከኔትወርክ እንዲወጡ ተደርጓል። ስለዚህ ታች ስልክ ስትገዙ "ፎርጂ ነው?" ብቻ ሳይሆን "ቮልቲ እዚህ ይሠራል?" ብላችሁ ሻጩ ፊት ደውላችሁ ሞክሩት።

ታች ስልክን ቀድሞ የሚጥለው ሌላው ነገር ሰርተፊኬት ነው። ድረገጽ ስንከፍት ስልካችን "ይሄ ገጽ እውነት የራሱ ነው ወይስ አስመሳይ?" ብሎ ያጣራል። የሚያጣራው ውስጡ በተቀመጡ ዲጂታል ማኅተሞች ነው። ማኅተሞቹ የሚያበቃበት ቀን አላቸው። መስከረም 30 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) በጣም ብዙ ድረገጾች ይደገፉበት የነበረ አንድ ማኅተም ጊዜው አለቀ፤ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ገጾችን መክፈት አቃታቸው። አሮጌ አንድሮይዶች ለጊዜው የተረፉት ለእነሱ ተብሎ በተበጀ ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር። አፕሊኬሽኖችም እንዲሁ ናቸው። ዋትሳፕ ዛሬ ከአንድሮይድ 5.0 በታች አይሠራም። ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ፣ ባትሪው የሚይዝ ስልክ ቀስ በቀስ ምንም የማይከፍት ይሆናል።

በተን ስልክ ይሄ ሁሉ አያገኘውም። ኢንተርኔት ስለማይከፍት ሰርተፊኬት የለውም፤ አፕሊኬሽን ስለሌለው አፕዴት አይጠብቅም። ባትሪው ቀናት ይቆያል። *127# ብሎ ቴሌብር፣ *889# ብሎ ንግድ ባንክ ይከፍታል። ይሄ አሠራር ዩኤስኤስዲ ይባላል፣ ያለ ኢንተርኔት በአጭር ቁጥር የሚሠራ አገልግሎት ነው። ከኩታበርና ከአልብኮ ገበያ የሚመጣ ገበሬ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው በዚህ እስከሆነ ድረስ ቱጂን መዝጋት ለማንም ቀላል ውሳኔ አይሆንም። በተኑ የሚሞተው በመጨረሻ ነው። ሲሞት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚሞተው፣ ጠጋኝም አያድነውም። ከአሁኑ መዘጋጀት ያለበት ለእሱ ነው።

ካርድ መፋቅ፣ ደብተር እና ጥሬ ብር

የሚፋቀው የሞባይል ካርድ ዕድሜው አጭር ነው። ለማተም፣ ለማጓጓዝ፣ ለማከፋፈል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቴሌብር ግን ያንኑ ሥራ ያለ ወረቀት ይሠራል። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፣ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። የባንክ ደብተርም ወደዚያው ነው። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ ከተደረገ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ለምዶታል።

ጥሬ ብሩ ራሱ ይጠፋል ወይ? እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ ይሰማል።

አንደኛው ይጥፋ የሚል ነው። ብር ይሰረቃል፣ ይቀደዳል፣ ሐሰተኛ ይታተማል፣ ለመቁጠር ጊዜ ይፈጃል። መንገድ ላይ ብዙ ብር ይዞ መሄድም ያስፈራል። እውነት አለው። ብርም ቢሆን በውሳኔ ሊሞት ይችላል፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. አሮጌዎቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀይረዋል። ሣጥን ውስጥ የተረሳው ወረቀት ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛውን ሐሳብ የሚይዙት ያለፉትን ዓመታት ያልረሱ ሰዎች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በእነዚያ ጊዜያት ሒሳቡ ላይ ስንት አለ የሚለው ትርጉም አልነበረውም። ዳቦ የሚገዛው ኪስ ውስጥ ያለ ብር ነበር፣ ወሬ የሚያመጣው ድንጋይ ያለው ሬዲዮ ነበር፣ ማታ የሚያበራው ሻማ ነበር።

እኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ ነገሩን ማለፍ አልፈልግም። ለዕለት ተዕለት ሥራ ዲጂታሉ ያሸንፋል፣ እያሸነፈም ነው። ነገር ግን አሮጌውን መጠባበቂያ አጥፍቶ አዲሱን ብቻ መያዝ የሚያዋጣው መብራትና ኔትወርክ በማይቋረጥበት አገር ነው። እዚህ የሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚሆን ብር ቤት ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት አይደለም። ከዚያ ያለፈውን ማስቀመጥ ግን በ2013ቱ ላይ የታየውን አደጋ መጋበዝ ነው።

ሐረጎን በባትሪ

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ተቀንሶለት ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ደግሞ ምንም። ይሄ ከውጭ የሚመጣው ሞት ግልጽ ምሳሌ ነው፤ የነዳጁ ሞተር ደኅና ሆኖ ሳለ አዲስ እንዳይገባ የሆነው በሕግ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ግን ለደሴ ይሆናል ወይ? "ዳገት አይችልም" የሚል ወሬ ሰምቼ ስለማውቅ በቁጥር ልየው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ በላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ አብዛኛው በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይፈልጋል። የተለመደ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል ብንል ሐረጎ ከመደበኛው የመንገድ ፍጆታ በላይ የሚበላው ከሃያ አንዱን ነው። ዳገቱን በደንብ ይችለዋል። እንዲያውም ከፍታ የሚጎዳው የነዳጁን ሞተር ነው፤ ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም።

ቁልቁለቱ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። የነዳጅ መኪና ሐረጎን ሲወርድ ፍሬኑን ያግላል፣ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይባክናል። የኤሌክትሪኩ ግን ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ለመውጣት ካወጣው ከግማሽ በላይ ሊመልስ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ደሴ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ የሚነሳ ሹፌር መኪናው የሚመልሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። በሞተር መያዙ ይዳከማል፣ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሰማንያ ዘጠና በመቶ ላይ ቢያቆመው ይሻለዋል።

እውነተኛው ችግር መሙያው ነው። ቤት ውስጥ የሚገጠም መሙያ 7 ኪሎዋት ያህል ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ አንድ መኪና መሙላት ሁለት ምጣድ ጥዶ ለሰባት ሰዓት እንጀራ እንደመጋገር ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ አሥር ቤት ይሄንን ቢያደርግ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይል የለም ማለት ከእንግዲህ አይቻልም። ከግድቡ እስከ ግቢያችን ያለው ሽቦና ትራንስፎርመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሚያስተጓጉለው እሱ ነው።

ነዳጁ መኪና ግን በቅርቡ ከመንገድ አይጠፋም። የገቡት አሉ፣ መለዋወጫው ይሸጣል፣ መካኒኩ በጆሮው ሰምቶ ያውቀዋል። ክልከላው በ2016 ዓ.ም. ሲታወቅ የቤት አውቶሞቢልን እንጂ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ የሚመላለሰውን የጭነት መኪና የሚመለከት አልነበረም። አይሱዙውም ኤፍኤስአሩም ገና አሉ። ይልቅ ያሳሰበኝ የአዲሱ መኪና ጥገና ነው። ከሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው፣ ብልሽታቸው የሚነበበው በኮምፒውተር ነው፣ ሶፍትዌራቸው በሠሪው እጅ ነው። አሮጌው መኪና ሲበላሽ ኮምቦልቻ ይሠራል። አዲሱ ሲበላሽ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ የሚሄድበት ጊዜ ይኖራል።

ድምፅ ሳያሰሙ የሚሄዱት

ረጃጅሞቹ የፍሎረሰንት መብራቶች ሜርኩሪ ስላለባቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት ማምረታቸው እ.ኤ.አ. በ2027 መጨረሻ ይቆማል። ስታርተርና ባላስት ሲቀያይሩ መኖር ያበቃል፤ ኤልኢዲ ስለረከሰ ማንም ብዙ አይቸገርም።

ሰፊና ቀጭን ጫፍ የነበራቸው ቻርጀሮች ለታይፕ ሲ ቦታ እየለቀቁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲሆን አስገድዷል፤ ሕጉ የአውሮፓ ቢሆንም አምራቾች ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ስልክ ስለማይሠሩ ውጤቱ እኛም ጋ ደርሷል።

የጣሪያ ላይ ዲሽ ብረት ነው፣ አይሞትም። የሚሞተው ሪሲቨሩ ነው። የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ሲዛወሩ ሰሐኑን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ማዞር በቂ ነበር። የሥርጭቱ ዓይነት ሲቀየር ግን አሮጌው ሪሲቨር ምስል ማውጣት ያቅተዋል። ቤተሰቡ ሪሲቨር ከመግዛት ይልቅ በስልክ ማየት ከመረጠ ዲሹ የወፍ ማረፊያ ሆኖ ይቀራል።

ጠጋኞቹ ምን ይሆናሉ?

"ቴክኖሎጂ ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል፣ አዲስ ይማሩ" የሚል አለ። "አምራቾች ሆን ብለው ዕቃውን እየገደሉ ቆሻሻቸውን እኛ ላይ ይጥላሉ" የሚልም አለ። ሁለተኛው ወገን መሠረት አለው። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ያገለገለ ዕቃ ለሞት ቅርብ የሆነው ነው። አምስት ዓመት ድጋፍ ያለው ስልክ አራተኛው ዓመት ላይ ደሴ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ወገን ግን አንድ ነገር ይዘላል። ጠጋኙ ዛሬ የሚያጣው ችሎታ አይደለም። ፈቃድ ነው የሚያጣው። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ስክሪኑ ወይም ባትሪው ከቦርዱ ጋር በሶፍትዌር የተጣመረ ስለሆነ እውነተኛ መለዋወጫ ቢገጠምለት እንኳ ስልኩ "አላውቀውም" ይላል። ይሄንን የሚከፍተው ብየዳ ሳይሆን የአምራቹ ይሁንታ ነው። የሙያ ኮሌጆቻችን እና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ ሶፍትዌር መጫንና የመኪና ኮምፒውተር ማንበብን ከጥገና ትምህርት ጋር ካላያያዙት፣ በእጁ ጎበዝ የሆነ ሰው ከገበያ ይወጣል።

ከሩቅ የሚመጣ አንድ ለውጥ ግን ሊያግዝ ይችላል። ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ለገበያ የሚቀርብ ስልክ ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር እድሳት፣ ለ7 ዓመት ደግሞ መለዋወጫ እንዲቀርብለት ግዴታ ሆኗል። ከየካቲት 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በዚያ ገበያ ለሚሸጡ ዕቃዎች ባትሪው በተጠቃሚው የሚወጣ መሆን አለበት፤ ባትሪያቸው ረጅም ዕድሜ እንዳለው ለተረጋገጠ ስልኮች ልዩነት አለ። እነዚህ ስልኮች ተጠቅመውባቸው ወደ እኛ ገበያ ሲመጡ ከአሁኖቹ የበለጠ ዕድሜ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ከካሜራው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሞዴሉ የወጣው መቼ ነው፣ አፕዴት የሚመጣለትስ እስከ መቼ ነው። ሻጩ ካላወቀ "ሴቲንግ" ውስጥ ገብቶ የመጨረሻው የደኅንነት እድሳት የመጣበትን ቀን ማየት ይቻላል። ቀኑ ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈው ዋጋው ላይ በደንብ ተከራከሩ።